ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሰኞ ዋለ። ጠዋት ስነሳ ስልኬ በመልእክት ተሞልቷል። ሐዋሳ ላይ ከጓደኞቼ ጋር የምንሠራት አንዲት ትንሽ ሶፍትዌር አለች፤ የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ እኛ የምትቀይር። ኦፕን ሶርስ ናት፤ ኮዷ ለማንም ክፍት ነው፣ የፈለገ ይወስዳል፣ ያስተካክላል፣ ድረ ገጹ ላይ ይገጥማታል። የዚያን ቀን ግን የገጠማት ሁሉ ተዋረደ። ሰው ገና ዶሮ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ እሷ "መስከረም 1 ቀን 2016" ብላ ቁጭ።

ስህተቱ ያስቃል። ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። እኛ የፈረንጁን ሕግ ገልብጠን "ምንም ካልተረፈ" ብለን ጽፈናል። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜ 6 እንደምትሆን እናቴ ሳትቆጥር ታውቃለች፤ እኛ ስድስት ኮምፒውተር የተማርን ሰዎች ግን ተሰብስበን አላወቅንም። ደግነቱ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ አርማ ላከችው። የነካችው አንዲት ቁጥር ነው፤ 0 የነበረውን 3 አደረገችው፣ አለቀ።

ከዚያስ? ከዚያማ የሚያጸድቀው ጠፋ። ኮዱ ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ የተቀመጠው በአንድ ልጅ አካውንት ነው፣ የጀመረው እሱ ስለሆነ። ልጁ ደግሞ ሥራ አግኝቶ ከከተማ ወጥቷል፣ ሲሙ ጠፍቶበታል፣ ወደ አካውንቱ ለመግባት የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር የሚሄደው ወደዚያው ወደጠፋው ሲም ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ አሁንም ጓደኛዬ ነው። እርማቱ የወጣው መስከረም 19 ነው። መስቀል አልፎ። ያኔ ደግሞ ማን ይፈልገዋል?

ይህን የማወራው ለጨዋታ አይደለም። ኦፕን ሶርስ ሲባል ሁሉም የሚያወራው ስለ ኮድ ነው። ፕሮጀክት የሚገድለው ግን ብዙ ጊዜ ኮዱ አይደለም፤ ማን ይወስናል፣ ማን ያጸድቃል፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚለው ነገር የትም ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ሰነድ ደግሞ አንድ አይነት አይደለም። አንደኛው የተሳታፊ መመሪያ ነው፦ አዲስ ሰው ሲመጣ ኮዱን እንዴት ማሽኑ ላይ እንደሚያስነሳ፣ ችግር ሲያገኝ የት እንደሚጽፍ፣ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም "ይህን ለውጤን አስገቡልኝ" የሚል ጥያቄ፣ እንዴት እንደሚልክ። ሁለተኛው የአስተዳደር ሰነድ ነው፦ የተላከውን ማን እንደሚያየው፣ ሳንስማማ ስንቀር እንዴት እንደሚቋጭ፣ አንድ ሰው ሜንቴነር (ኮዱን የሚጠብቅና የሚያጸድቅ) የሚሆነው እንዴት እንደሆነ፣ እንዴትስ እንደሚወርድ። የመጀመሪያውን ሁሉም ይጽፋል። ሁለተኛውን "እኛ ጓደኛሞች ነን" ብለን እንተወዋለን።

እኛም ደንግጠን ልንጽፍ ተቀመጥን። የመጀመሪያው ሙከራችን ግን ከበሽታው የባሰ ነበር። የኩበርኔቲስን ሰነድ ከፍተን እሱን አስመሰልን። ኩበርኔቲስ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድር፣ ጎግል የጀመረው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚሳተፉበት ፕሮጀክት ነው። አባል፣ ገምጋሚ፣ አጽዳቂ እያለ የሚወጣ መሰላል አለው፤ ለእነሱ ያስፈልጋል። እኛ ስድስት ሆነን አምስት ማዕረግ አወጣን። አንድ ሳምንት ሙሉ የተከራከርነው ማን የትኛው ማዕረግ ይገባዋል በሚለው ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም አጽዳቂ ሆነ፣ የሚጸድቅለት ጠፋ። ሰነዱ ያምራል፣ ሎጎ ሳይቀር አለው። የጊትሃቡ ቁልፍ ግን አሁንም አንድ ሰው ጋ ነበር!

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቅኩት ቦታ ነው። አባቴ የሰፈራቸውን እድር መተዳደሪያ ደንብ "ኮምፒውተር ላይ ጻፍልኝ" ብሎ ሰጠኝ። 11 ገጽ ነው፣ ጠርዙ በሻይ የራሰ፣ ዳሩ ላይ በእስክሪብቶ የተጨማመረበት። ስተይበው አንድ አንቀጽ ላይ ቆምኩ። ርዕሱ "ርክክብ" ይላል። ከኃላፊነቱ የሚወርድ ገንዘብ ያዥ በ15 ቀን ውስጥ ማኅተሙን፣ የደረሰኝ ጥራዞቹን፣ የባንክ ደብተሩን፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ሦስት ሰው ባለበት ያስረክባል። ወንበር ስንት፣ ብረት ድስት ስንት፣ ድንኳን ስንት፣ ከዚያ ውስጥ የተሰበረውና የተቀደደው ስንት። ሁሉም ይቆጠራል፣ ሁሉም ይፈረምበታል።

የእድሩን ዳኛ ጋሼን ጠየቅኳቸው። "ይሄን ሁሉ ዝርዝር ምን አመጣው?" አልኳቸው። ሳቁ። ከብዙ ዓመት በፊት የእድሩ ገንዘብ ያዥ በድንገት አረፉ። የመጋዘኑ ቁልፍ የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ድንኳኑ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ነው። "በራሱ ለቅሶ ቀን በር ሰበርን፣ ልጄ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የኛ ነገር ሌላ መልክ ያዘ። ለካስ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ምን ሰነድ ያስፈልገናል" አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ "ነገ አንዳችን ብንጠፋ የቱ በር ይዘጋል" ነው። ዕቅዱ ከዚያ ይጀምራል።

ይህ የትንሽ ፕሮጀክት ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 2024 መጨረሻ ላይ ዓለምን ያስደነገጠውን የኤክስዜድ ጉዳይ እንይ። ኤክስዜድ ፋይል መጭመቂያ ነው፤ ብዙ ሰርቨር የሚሠራበት ኦፕን ሶርስ ሥርዓት፣ ሊኑክስ፣ በአብዛኛው ውስጡ ይዞታል፣ ማንም ልብ አይለውም። ለዓመታት የያዘው ላሴ ኮሊን የሚባል ሰው ነው፣ በትርፍ ሰዓቱ፣ ብቻውን ለማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2021 "ጂያ ታን" የሚል ስም ይዞ አንድ ሰው መጣ። ሥራ ይልካል፣ ትሁት ነው፣ አይሰለችም። በ2022 ደግሞ ከዚያ በፊት ማንም የማያውቃቸው ስሞች ብቅ እያሉ ኮሊንን ይወቅሱ ጀመር፦ ዘገየህ፣ ካልቻልክ ለሌላ ስጥ። ሰውዬው ደክሞታል፤ መድከሙንም በግልጽ ጽፏል። ቀስ በቀስ ሥልጣኑ ለጂያ ታን ሄደ። በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች ውስጥ የሌባ በር፣ ማለትም ሳይታወቅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ስውር ኮድ፣ ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሩንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው፤ ወደ ሰርቨር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ገርሞት ሲቆፍር። ግማሽ ሰከንድ! እኛ ጋ ኔትወርኩ ግማሽ ደቂቃ ቢዘገይ ማን ይገረማል?

ደንብ ቢኖር ይህ አይሆንም ነበር እያልኩ አይደለም። ሦስት ዓመት መታገሥ የሚችል ሰው ደንብ ማክበርም ይችላል። ግን ልዩነት አለው። ደንብ ቢኖር ኖሮ "ለማን ልስጥ" የሚለው ውሳኔ አንድ የደከመ ሰው ጫንቃ ላይ አይወድቅም። ሲጮሁበት "ደንባችን እንዲህ ነው፣ ሌላ ሁለት ሰው ማየት አለበት" ብሎ መመለስ ይችላል። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2018 ኢቨንት ስትሪም የሚባለው የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ (ሌሎች ፕሮግራማቸው ውስጥ የሚገጥሙት ዝግጁ ኮድ) እንደዚሁ ሆኗል። ባለቤቱ ሰልችቶት ለማያውቀው ሰው አስረከበ፤ ተረካቢው የቢትኮይን ቦርሳ የሚሰርቅ ኮድ ከተተበት። ሁለቱም ታሪክ የርክክብ ታሪክ ነው።

ትልቆቹም ቢሆኑ ይህን የተማሩት ከመከራ ነው። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሰም ለብዙ ዓመታት የመጨረሻውን ቃል የሚናገር ሰው ነበር። በጁላይ 2018፣ አንድ የቋንቋ ለውጥ ላይ ከተደረገ አድካሚ ክርክር በኋላ፣ በቃኝ አለ። ወራሽ አልሾመም። ማኅበረሰቡ ወራት ፈጅቶ የተለያዩ የአስተዳደር ሐሳቦችን አቅርቦ ድምፅ ሰጠ፤ ያሸነፈው በየጊዜው የሚመረጥ አምስት ሰው ያለው ምክር ቤት ነው። ሰነዱ ውስጥ የምወደው መስመር አለ፦ ከአምስቱ ከሁለት በላይ የአንድ ድርጅት ተቀጣሪ መሆን አይችሉም። ይህን የጻፈ ሰው ሰውን ያውቃል። እድር ቢሆን "ከአንድ ቤተሰብ ዳኛም ጸሐፊም አይሆንም" ይላል፤ ያው ነው። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ደግሞ ቀደም ብሎ ነቅቷል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የተጻፈ ሕገ መንግሥት አለው፣ መሪውን በየዓመቱ ይመርጣል። እስካሁንም አለ።

ካርታው በማን ስም ነው የሚለው ነገርም አለ። ቤት ስትገዛ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን አይደል? እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ድረ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕረስ ላይ የተነሳው ጠብ መነሻው የንግድ ምልክትና ገንዘብ ቢሆንም፣ ብዙ ሰው የደነገጠው ሌላ ነገር ሲሰማ ነው። ሁሉም ፕለጊንና ቴም (ተጨማሪ መገጣጠሚያና የገጽ መልክ) የሚያወርድበት ዎርድፕረስ ዶት ኦርግ የማኅበሩ ሳይሆን ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው የማት ሙለንዌግ የግል ንብረት ነው። እሱ ከተጣላው ኩባንያ ጋር ግንኙነት እንደሌለህ ምልክት ካላደረግህ መግባት አትችልም የተባለበት ጊዜ ሁሉ ነበር። ማን ልክ ነው የሚለውን ለፍርድ ቤት እንተወው። ለዓመታት በነጻ ሲያገለግሉ የኖሩ ሰዎች ግን ካርታውን ያዩት ያኔ ነው።

ወደኛ ልመለስ። ሁለተኛው ሙከራችን ያለ ሎጎ ነበር። ፍቅር ሐይቅ ዳር አንድ ቅዳሜ ተቀምጠን የቴሌግራም ግሩፓችንን የሁለት ወር ወሬ ወደ ላይ ጎትተን አነበብን። አሰልቺ ነው፣ ግን ከማንኛውም ናሙና ሰነድ ይበልጣል። ሰው በእውነት የሚጠይቀው እዚያ ነው ያለው። "እንዴት ነው የሚያስነሳው?" ብዙ ጊዜ። "ፑል ሪኩዌስት ልኬ ነበር፣ ማን ያየዋል?" ከሁሉም ብዙ። "በአማርኛ ብጽፍ ችግር አለው?" ይሄም አለ። ስለ ማዕረግ የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም።

ሌላም ነገር አየን። ውሳኔዎቻችን በሙሉ በድምፅ መልእክት ነው የተወሰኑት። አንዱ ሁለት ደቂቃ ይናገራል፣ ሌላው አውራ ጣት ይለጥፋል፣ ተወሰነ ማለት ነው። ከወር በኋላ ማን ያዳምጠዋል? ስለዚህ አንድ ነገር አወጣን፦ ቴሌግራም ላይ ማውራት ይቻላል፣ የተወሰነው ግን ጊትሃብ ላይ ካልተጻፈ አልተወሰነም። የእድሩ ቃለ ጉባኤ በሉት።

ጊዜ ገደቡ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቅን። ብዙ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን በሚያቅፈው አፓቼ ፋውንዴሽን ውስጥ ለድምፅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቢያንስ 72 ሰዓት ነው፤ ዓለም ላይ የተበተነ ሰው ሁሉ እንዲደርስ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን 72 ሰዓት ውስጥ እኛ ጋ መብራት ሊጠፋ፣ ፈተና ሊገባ፣ ለቅሶ ሊመጣ ይችላል። አንድ ሳምንት አደረግነው። በሳምንት ውስጥ የተቃወመ ከሌለና ከላኪው ሌላ አንድ ሜንቴነር ካየው ይገባል። ዝምታ ስምምነት ነው ማለት ነው፤ ይህን ግን ቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል፣ ካልሆነ "እኔ መች ተስማማሁ" ይመጣል።

ቋንቋው ላይ ብዙ አልፈጀንም። ከመሃላችን ቤቱ ሲዳምኛ የሚናገር አለ፣ ወላይትኛ የሚናገር አለ፤ አንድ ላይ ስንሆን የምናወራው በአማርኛ ነው። መመሪያው በአማርኛ፣ ኮዱ ውስጥ ያለው ማብራሪያ በእንግሊዝኛ። ኮሚትን፣ ማለትም ተመዝግቦ የሚቀመጠውን እያንዳንዱን የኮድ ለውጥ፣ ኮሚት አልነው። "ግብዓተ ለውጥ" ምናምን ብሎ የሚተረጉም ነበር፣ በድምፅ ብልጫ ወደቀ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ይሉኝታ ነው። ፈረንጆቹ የሥነ ምግባር ደንብ የሚጽፉት በብዛት ሰው እንዳይሳደብ ነው። ሊኑክስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 የተቀበለው ከብዙ ዓመት የሻከረ ንግግር በኋላ ነው። የኛ ችግር ግን ተቃራኒው ነው። እኛ አንሳደብም፤ ዝም እንላለን። ጥሩ ያልሆነ ሥራ ሲላክ፣ በተለይ የላከው ታላቃችን ወይም አስተማሪያችን ከነበረ፣ "አይሆንም" ለማለት አንደበት የለንም። ስለዚህ ሳንመልስ እንተወዋለን። ላኪው ደግሞ ንቀውኝ ነው ብሎ ይቀየማል፣ ሳይናገር ይሄዳል። ወራት ያለ መልስ የቆዩ አራት ፑል ሪኩዌስቶች ነበሩን፣ አራቱም በይሉኝታ የታሰሩ።

የተጻፈ ደንብ እዚህ ላይ ነው የሚያድነው። "ጋሼ፣ የላኩልን ጥሩ ነው፣ ግን ደንባችን ከእያንዳንዱ ለውጥ ጋር ሙከራ ይጠይቃል፣ ሙከራ ይጨምሩልን" ማለት ይቻላል። እኔ አይደለሁም የከለከልኩት፣ ወረቀቱ ነው። ወረቀት ይሉኝታ የለውም። ከዚህ ጋር አንድ ትንሽ ነገር ጨመርን፦ ለማናውቀው ሰው መጀመሪያ በ"እርስዎ" እንጽፋለን፣ እሱ "አንተ በሉኝ" ካለ እንቀይራለን። እንግሊዝኛ ሰነድ ውስጥ ይህ ጥያቄ አይነሳም። እኛ ጋ ሰው የሚቀየመው በዚህ ነው።

ሌላው የሰሞኑ ጉዳይ ብዛት ነው። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ብዙ ወጣት ወደ ኮድ አምጥቷል፤ ሰርተፍኬቱን የያዘ ሁሉ ቀጥሎ የሚፈልገው የሚያሳየው ሥራ ነው። ደስ ይላል። ግን ሳንዘጋጅ ቢመጡ ምን እንደሚሆን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዲጂታል ኦሽን የሚባለው ኩባንያ በየዓመቱ በሚያዘጋጀው ሃክቶበርፌስት የሚባል የኦፕን ሶርስ ዝግጅት ላይ አራት ፑል ሪኩዌስት ለላከ ቲሸርት እንሰጣለን ብሎ፣ ሰው ሪድሚ በሚባለው የፕሮጀክት መግለጫ ፋይል ላይ አንዲት ቃል እየጨመረ ዓለምን አጥለቀለቀው። መሃል ላይ ደንቡን ቀይረው የፈቀዱ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲሳተፉ አደረጉ። አሁን ደግሞ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መጥቷል። ከርል የሚባለውን የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮግራም የሚመራው ዳንኤል ስቴንበርግ በኤአይ የተጻፉ፣ የሚያምሩ ግን የሌለ ችግር የሚያወሩ ሪፖርቶች ጊዜውን እየበሉት እንደሆነ ደጋግሞ ጽፏል። ጄንቱ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ2024 በኤአይ የተሠራ አስተዋጽኦ አልቀበልም ብሎ ወሰነ።

እኛ እንደዚያ አልከለከልንም። ሁላችንም እንጠቀምበታለን፣ ከልክለን ራሳችንን ውሸታም ከምናደርግ። የጻፍነው አንድ መስመር ነው፦ የላክኸውን መስመር በመስመር በራስህ ቃል ማስረዳት ካልቻልህ አትላክ። አንዱን ጠየቅነው፣ "ይህ መስመር ለምን 5500 ይደምራል?" ብለን። ዓመተ ዓለምን ለማግኘት ነው ማለት ነበረበት። "ኮዱ ነው ያለው" አለን። አልገባም።

የሰነዶቻችን ሁሉ አጭሩ፣ የምኮራበትም፣ "ቁልፎች" የሚለው ገጽ ነው። ሠንጠረዥ ነው፣ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ጊትሃቡ፦ ሦስት ባለቤት፣ ሁለቱ ሐዋሳ፣ አንዱ አዳማ። የሚታተምበት ፓኬጅ፦ ሁለት ሰው። በየስድስት ወሩ እያንዳንዱ ገብቶ ያሳያል፤ "አለኝ" ማለት አይበቃም፣ ፊታችን መክፈት አለበት። ባለፈው ፍተሻ ከሦስቱ አንዱ አልተከፈተለትም፣ ስልኩን መናኸሪያ ተሰርቆ ነበርና። እዚያው ተቀምጠን በ40 ደቂቃ አስተካከልነው። ያን ጊዜ 0ን ወደ 3 ያረመችው ልጅ ተመርቃለች፤ አሁን ከሦስቱ ባለቁልፎች አንዷ ናት፣ ፍተሻውንም የምትመራው እሷ ናት። ከእድሩ ዳኛ የባሰች ናት።

አንድ ረድፍ ግን አልተሳካልንም። ዶሜኑ፣ የድረ ገጻችን አድራሻ። በዶላር ነው የሚከፈለው፣ እኛ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ካርድ የለንም። የአንዳችን የአክስት ልጅ አሜሪካ ሆና በራሷ ካርድ ታድስልናለች። ጥሩ ልጅ ናት፣ አንዴም አልረሳችም። ጳጉሜ 6 የምትመለሰው በ2019 ነው፤ እስከዚያ ማደሱ የሷ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ስሟ ተጽፏል። ከጎኑ "ምትክ" የሚለው ሣጥን እስካሁን ባዶ ነው።